አራት መቶ ጊዜ

አባት፦ ከአባትህ ጋር አጥር ተጋርተን ባንኖር ኖሮ ይህን ነገር ቁጭ ብዬ ባልሰማሁህም ነበር። ልጄ ሃያ ዓመት ሞልቶታል፤ ዳውን ሲንድሮም ይዞት እንደ ተወለደ ታውቃለህ፤ ፊደል ቢለይም ቃል አሰናስሎ ማንበብ ዛሬም ያታክተዋል። የሺቫ የሚባለው ደግሞ፥ ጎልማሶች ከማለዳ ጸሎት እስከ ሌሊት፥ ሁለት ሁለት እየሆኑ፥ በአይሁድ የሕግ መጽሐፍ በታልሙድ ገጽ ላይ አጎንብሰው እየተጯጯሁ የሚከራከሩበት ጉባኤ ቤት መሆኑን፥ በኩር ልጄን ልጠይቅ በሄድሁ ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ። እንግዲህ ይህን ልጅ ከዚያ ልታስገባው ማሰብህን በሰማን ጊዜ፥ እናቱም እኔም፥ ደግነትህን ሳንጠራጠር፥ ነገሩን ዋና የማያውቀውን ሰው ወንዝ አይቶ ይመለሳል ብሎ ወደ ሙላት እንደ መስደድ ቆጠርነው።

መምህር፦ ነገሩ በእኔ የተጀመረ አይደለም፥ ጋሼ። ከኢየሩሳሌም በስተ ደቡብ፥ በአሎን ሽቩት የሚገኝ፥ በ1968 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ሀር ኤጽዮን የሚባል ስመ ጥር የሺቫ አለ፤ በዚያው ግቢ «ዳርኬኑ»፥ ማለት «መንገዶቻችን»፥ የሚባል ክፍል ተከፍቶ፥ የአእምሮ ዕድገታቸው የዘገየ ወጣቶች፥ ይልቁንም ከአሜሪካና ከሌላው ባሕር ማዶ የሚመጡት፥ ታላላቅ ወንድሞቻቸው ሁለተኛ ደረጃን ሲፈጽሙ አንድ ዓመት ኦሪት ለመማር እንደሚመጡ ሁሉ፥ እነርሱም ያንኑ ዓመት እንዳይነፈጉ ተደርጓል። ጠዋት ይማራሉ፥ ከሰዓት በኋላ ሥራ ይለማመዳሉ፤ ከዋናው የሺቫ ተማሪዎችም አንዱ ሐቭሩታ ይሆናቸዋል፥ ይኸውም ከአንድ መጽሐፍ ፊት ለፊት ተቀምጦ አብሮ የሚማር ባልንጀራ ነው። እኔም የመጣሁት ያንን አብነት ይዤ ነው።

አባት፦ ታልሙድን ከአባቶቼ ባልወርሰውም፥ በዚህ ሀገር ከሠላሳ ዓመት በላይ ተቀምጬ ጥቂት ቃርሜያለሁ። የታልሙድ መሠረት የሆነችው ሚሽና ጽሙሙን፥ አእምሮ የሌለውንና ሕፃኑን በአንድ ረድፍ አቁማ ከትእዛዛት ዕዳ ነጻ ታወጣቸዋለች። ፈጣሪ ራሱ ያልጠየቀውን ዕዳ፥ እናንተ ማን ሆናችሁ ነው የምትጠይቁት?

መምህር፦ ነጻ መውጣት ሌላ፥ ከደጅ መውጣት ሌላ። ሊቃውንቱም ያንን ረድፍ በጅምላ አልተዉትም፤ በኒውዮርክ ይኖሩ የነበሩትና በ1986 ያረፉት ታላቁ የሕግ ዐዋቂ ራቢ ሞሼ ፋይንስታይን፥ ፈጽሞ አእምሮ የሌለውን ሰው፥ ማስተዋሉ ከሕፃን ማስተዋል ሳይርቅ ከቀረው ሰው ለይተው፥ ይህ ሁለተኛው የሚችለውን ያህል ሊማር፥ በጸሎት ቤትም ሊቀበሉት እንደሚገባ ጽፈዋል። ልጅዎ ሰንበትን ከሰኞ ይለያል፤ የተፈቀደውን ሥጋ ካልተፈቀደው ይለያል፤ ሲያጠፋ እየተንተባተበም ቢሆን ይቅርታ ይጠይቃል። እንዲህ ያለው ሰው እንዴት አእምሮ የለውም ይባላል?

አባት፦ እኔ የለውም አላልሁም። ያሉት ሌሎች ናቸው፥ ያሉትም በወንድሙ ላይ ነው፤ ቡናህን ጠጣ፥ ነገሩ ይረዝማል። በ1991 እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር፥ ከ14,000 የሚበልጥ የቤተ እስራኤል ወገን በ36 ሰዓት ያህል ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭኖ ወደ እስራኤል በመጣ ጊዜ፥ በኩሬ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረ። በሁለተኛው ዓመት አንዲት ባለሙያ አስቀምጣ ሥዕል ታሳየው ጀመር፤ በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ሰው ሥዕል ነው፤ የጎደለውን ነገር ንገረኝ ትለዋለች። ጎንደር የተወለደ ልጅ ከበረዶ መንሸራተቻ ምን እንደ ጎደለ በምን ያውቃል? ይልቁንም በታላቅ ሰው ፊት ዓይኑን ሰብሮ ዝም ማለትን ያስተማርነው እኛው ነን። ዝምታውን ድንቁርና ብላ ጻፈችው፤ ሁለት ዓመት «ልዩ» በተባለ ክፍል ተቀመጠ፤ ዛሬ ያ ልጅ የላቦራቶሪ ኃላፊ ነው። ይህ ደግሞ የእኔ ቤት ብቻ አይደለም፤ ከእኛ ወላጆች ጉባኤ ገብተህ «ልዩ ትምህርት» ብትል፥ ሮሮው እስኪመሽ አያልቅም። ስለዚህ አሁን አንተ «ልዩ ክፍል በየሺቫ» ብለህ ስትመጣ፥ ጆሮዬ የሚሰማው የኋለኛውን ቃል ሳይሆን የፊተኛውን ነው።

መምህር፦ ይህን ሮሮ ከእኛ አስቀድሞ የሰማ ሰው ነበረ። ራሱ በሃይማኖት የጸና አይሁዳዊ የነበረው ሩቬን ፎየርሽታይን፥ በ1921 በሩማንያ ተወልዶ በ2014 በኢየሩሳሌም ያረፈው፥ መጀመሪያ ከናዚ እልቂት የተረፉትን ሕፃናት፥ ከዚያ ከሞሮኮ የመጡትን፥ በኋላም የእኛን ልጆች ሲመረምር፥ ልጁ ምን ያውቃል ብሎ መጠየቅን ትቶ፥ በፈተናው መካከል ያስተምረውና፥ ከተማረ በኋላ ምን ያህል እንደ ተራመደ ይለካ ነበር። የወንድሙ ፈተና የለካው የልጁን አእምሮ ሳይሆን፥ በጎንደር የበረዶ መንሸራተቻ አለመኖሩን ነው።

አባት፦ እውነት ብለሃል፥ ግን በራስህ ላይ መሰከርህ። በኩሬ ሙሉ ሳለ ጎደሎ ተብሎ ነው፤ ፎየርሽታይንም ስሙን ከሐሜት አጠበለት። የታናሹ ነገር ግን ሐሜት አይደለም፤ ከፅንሱ ጀምሮ በደሙና በሥጋው የተጻፈ ነው። ያው ሰው ከባልደረቦቹ ጋር በ1988 ያሳተመው መጽሐፍ «እንዳለሁ አትቀበሉኝ» የሚል ርእስ እንዳለው በኩሬ ነግሮኛል። እኔ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ጎረቤቱን፥ ዘመዱን፥ የአውቶቡስ ነጂውን ሳይቀር ስለምን የኖርሁት «እንዳለ ተቀበሉት» እያልሁ ነው። አሁን የእናንተ የሺቫ የሚቀበለው እንዳለ ነው ወይስ ሊለውጠው?

መምህር፦ መልሱን ካለፈው ክረምት ልስጥዎት፥ ሦስት ሳምንት ለሙከራ ከእኛ ጋር በቆየ ጊዜ ካየሁት። ተፊሊን የሚባለውን የጸሎት ማሰሪያ ሲያስር ጠፍሩ በክንዱ ላይ ሰባት ጊዜ ይዞራል፤ እርሱ ግን አምስተኛው ላይ ሲደርስ ቍጥሩ ይጠፋበትና፥ እንደ መቀጠል ሁሉንም ፈትቶ ከመጀመሪያው ይጀምራል። አጠገቡ የቆመው ባልንጀራው ሊቈጥርለት አፉን ሲከፍት እጁን ያዝሁት። ጸሎቱ አልቆ ሰው ወደ ቍርስ ሲሄድ እርሱ ገና ይጠመጥም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ቍጥሩን ተወውና በየዙሩ የዕለታቱን ስም ይጠራ ጀመር፤ እሑድ፥ ሰኞ፥ ማክሰኞ፥ በዕብራይስጥ፤ ሰባተኛው ላይ ግን «ሰንበት» አለ፥ እናቱ እንደምትለው። እንዲህ አድርግ ብሎ ያስተማረው የለም። እንግዲህ ይህ እንዳለ መቀበል ነው ወይስ መለወጥ? እኔ መለየት አቅቶኛል።

አባት፦ ቤትም እንዲሁ ያደርጋል። «ሰንበት» ሲል ድምፁን ከፍ ያደርጋል፥ ጎረቤት እስኪሰማ።

መምህር፦ ታዲያ?

አባት፦ ታዲያማ ሰባቱን ዞረ፤ ታልሙዱስ? አየህ ልጄ፥ እኔ ባደግሁበት በአምቦበር እንደ ልጄ ያለ አንድ ጎልማሳ ነበር። ልዩ ትምህርት ቤት አልነበረውም፥ ልዩ ስምም አልነበረውም፤ ቀሳውስቱ በጸሎት ቤት በግእዝ ሲያዜሙ ከእኛ ጋር ይቆማል፥ ስንሰግድ ይሰግዳል፤ በሲግድ በዓል ዕለት ድንጋይ ተሸክመን ተራራውን ስንወጣ የእርሱ ድንጋይ ከሁላችን ይከብድ ነበር። ይህን ስነግርህ «እኔስ የምለው ይህንኑ አይደለምን» እንደምትል አውቃለሁ፤ አይደለም። በዚያ ዘመን ኦሪቱን የሚያነብቡት ቀሳውስት ብቻ ነበሩ፤ ግእዙንም የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ እኔና አባቴ፥ አንተም አባትህም፥ ያ ጎልማሳም፥ ሁላችን ሰሚዎች ነበርን፥ እስኪተረጐምልንም ባለማወቅ እኩል ነበርን። ጎደሎ ያልተባለው ልባችን ከእናንተ ልብ ይልቅ ስለ ራራ አይመስለኝም፤ ንባብ የሰው ሁሉ መለኪያ ስላልሆነ ነው። የሺቫ ግን ወንድ ሁሉ የሚያነብበት ቤት ነው፤ ክብሩም ጌጡም ያ ነው። ሁሉ በሚያነብበት ቤት የማያነብ አንድ ሰው ብታስቀምጥ፥ አንተ እንዲህ ያለውን ሰው አከበርሁ ትላለህ፥ እኔ ደግሞ ጎደሎነቱን ከዚያ ወንበር ላይ ፈጠርህበት እላለሁ።

መምህር፦ እንግዲያ ከአምሳዮቹ ጋር ለብቻው ይቀመጥ ነው የሚሉኝ?

አባት፦ ማለቴ ሳይሆን ቢሆንስ ምን ይጐዳል ማለቴ ነው።

መምህር፦ በኒውዮርክ ግዛት ኪርያስ ጆኤል የሚባል የሳትማር ሐሲዳውያን፥ ማለት ሃይማኖታቸውን አጥብቀው የሚይዙ አይሁድ፥ መንደር አለ፤ ጤነኛው ልጅ በሃይማኖት ትምህርት ቤቱ ይማራል። ድጋፍ የሚያሻው ልጅ ግን፥ ባለሙያውም ወጪውም ከመንግሥት ነውና፥ በ1985 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመንግሥት መምህራን ሃይማኖት ትምህርት ቤት ገብተው እንዳያስተምሩ ከከለከለ በኋላ፥ ከመንደሩ ውጭ ወዳለው የሕዝብ ትምህርት ቤት መሄድ ግድ ሆነበት። ልጆቹ በልብስም በቋንቋም በማይመስሏቸው ሰዎች መካከል ገብተው ስለ ፈሩ፥ ወላጆቻቸው ከትምህርት አስቀሩአቸው። በ1989 የግዛቲቱ ምክር ቤት ለመንደሩ የራሱን የትምህርት ወረዳ ቢያቆምለት፥ በ1994 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መንግሥት ለአንድ ሃይማኖት አድልቷል ብሎ በስድስት ድምፅ ለሦስት ሻረው። ሁሉም የተሟገተው ስለ ወሰን ነው፤ እኔን የሚቈጨኝ ግን ሌላ ነው። የወረዳው ትምህርት ቤት የመንግሥት ነበርና የሃይማኖት ትምህርት አይሰጥበትም ነበር፤ ያ ሁሉ መንደር ኦሪት እያጠና ሲውል፥ ከትምህርት ቤቱ ውስጥ ኦሪት የማይሰማው ድጋፍ የሚያሻው ልጅ ብቻ ሆነ። ሐኪም ሰጡት፥ ንግግር የሚያስተምር ሰጡት፥ አውቶቡስ ሰጡት፤ ወንድሙ የሚማረውን ግን አልሰጡትም።

አባት፦ ያ የአሜሪካ ጣጣ ነው፤ እዚህ መንግሥት የሃይማኖቱንም ትምህርት ቤት ይደጉማል። የእኔ ጭንቀት የወንበሩ ነው። እርሱን መልስልኝ።

መምህር፦ የወንበሩን መልስ ከራሱ ከታልሙድ፥ ከሐጊጋ ክፍል ላምጣ። ሚሽናን ባጠናቀሩት በራቢ ይሁዳ አለቃው ሰፈር ሁለት ድዳ ወንድማማቾች ነበሩ። መምህሩ ወደ ጉባኤ ቤት በገቡ ቍጥር ተከትለው ይገቡና፥ ከፊታቸው ተቀምጠው፥ ራሳቸውን እየነቀነቁ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። ራቢ ስለ እነርሱ ምሕረትን ለመኑ፤ ተፈወሱ፤ አንደበታቸው ሲፈታ ሕጉንም ትርጓሜውንም ጉባኤውንም በሙሉ ዐውቀው ተገኙ።

አባት፦ ባይፈወሱስ?

መምህር፦ እንዴት?

አባት፦ ባይፈወሱ ኖሮ ታሪኩ ይጻፍ ነበር ወይ ማለቴ ነው። ታሪክህ የሚያጽናናው ዝም ያለው ሰው በልቡ ሊቅ ሆኖ ስለ ተገኘ ነው፤ ይህ የበኩሬ ታሪክ ነው፥ የበረዶው ሥዕል ታሪክ። የእኔ ታናሽ አንደበቱ ነገ ቢፈታ የሚናገረው ዛሬ የሚናገረውን ነው፤ አውቶቡሱ ዘገየ፥ እናቴ መጣች፥ ሰንበት ደረሰ። ልጅ ሁሉ የተሰወረ ሊቅ ነው የሚል ሰው፥ ሊቅ ያልሆነውን ልጅ ገና አልወደደውም።

መምህር፦ ይህ በእውነት ከባድ ነው፤ ነገር ግን ታሪኩን ከመጨረሻው ሳይሆን ከመጀመሪያው ያንብቡት። ከመፈወሳቸው በፊት ምን ያህል ጊዜ እንደ ተቀመጡ አልተጻፈም፤ ጉባኤውን ሁሉ እስኪይዙ ድረስ ከሆነ ግን ዓመታት ነው። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ እነዚህ ሰዎች የሚሰሙትን ያስተውሉ እንደሆነ ማንም አያውቅም ነበር፤ ራቢም አያውቁም፤ ሆኖም ውጡ ያላቸው አልተገኘም፥ ከኋላ ተቀመጡም ያላቸው የለም፥ ከመምህሩ ፊት ነው የተቀመጡት። እኔ የምመካበት በፈውሱ አይደለም፤ ከፈውሱ በፊት በነበሩት፥ ማንም ባልቈጠራቸው ቀኖች ነው።

አባት፦ ደኅና መለስህ። እንግዲያ እኔም የፊተኛውን ወንበር ያየሁበትን ቀን ልንገርህ። በዚያው ክረምት ሳላስታውቅህ መጥቼ ከመስኮቱ አጠገብ ቆሜ ነበር። ልጄ ከሐቭሩታው ጋር ተቀምጧል፤ ጣቱን በመስመሩ ላይ አድርጎ ቃል በቃል ይለቅማል፤ ያ መልካም ልጅ ግን፥ መልካም መሆኑን ደግሞ አልክድም፥ ስልኩን ከጠረጴዛው ሥር ይዞ ያነብባል። ልጄ ቃሉን አግኝቶ ቀና ሲል እርሱም ቀና ብሎ «ጎበዝ!» ይለዋል። አንዴ ቃሉን ተሳስቶ ነበር፤ «ጎበዝ» ግን አልቀረበትም። ከዚያ ሌላው መጣና ፎቶግራፍ አነሣቸው።

መምህር፦ የታልሙዱ ሊቅ ራቭ ለሕፃናት መምህር ለሽሙኤል ባር ሺላት የሰጠውን ምክር ያውቁ ይሆናል፤ የሚያነብበው ያነብባል፥ የማያነብበውም ለባልንጀራው ጓድ ይሁነው የሚል ነው።

አባት፦ እኮ! ለባልንጀራው። ምክሩ የተሰጠው ለመምህሩ ነው፥ የሚጠቀመው ባልንጀራው ነው፤ የማያነብበው ልጅ ከዚህ ምክር ምን እንዳተረፈ እስቲ አሳየኝ። ልጄ ለደጋግ ወጣቶች ጽድቅ መማሪያ ሰሌዳ ሊሆን ነው ማለት ነው፤ እነርሱ ትዕግሥትን በእርሱ ይማራሉ፥ ፎቶግራፉም ለለጋሾች ይላካል፤ እርሱ ያልተገባውን «ጎበዝ» ይዞ ወደ ቤቱ ይመጣል።

መምህር፦ ፎቶግራፉን አስቁሜዋለሁ። ስልኩን ግን ማስቆም አልቻልሁም፤ ጤነኛው ከጤነኛው ጋር ሲማርም ስልኩን ያያልና፥ ለልጅዎ ብቻ ብዬ ብከለክል ያን ጊዜ ደግሞ «ልዩ» ማለት ይሆንብኛል። የሐሰቱን «ጎበዝ» በተመለከተ ግን ጥፋቱ የእኛ ነው። ሲሳሳት ተሳስተሃል የሚለው ባልንጀራ ያስፈልገዋል፤ በየሺቫ ክብር ማለት ይህ ነው፥ ሰው ቃልህን ቈጥሮ ሲከራከርህ። እስከ ዛሬ ልጅዎን የተከራከረው አንድ ሰው ብቻ ነው፥ የወጥ ቤቱ አዛውንት፤ የወተቱን ማንኪያ ከሥጋው ማንኪያ ጋር አኖርህ ብሎ ቢቈጣው፥ ልጅዎም አይደለም ብሎ ተሟግቶ፥ ሲታይ ትክክሉ የልጅዎ ሆኖ ተገኘ። ያን ዕለት እንደ ሄደ አካሄድ በሌላ ቀን ሲሄድ አላየሁትም።

አባት፦ ይህን አልነገረኝም።

መምህር፦ ለእኔ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ነው የነገረኝ። እንግዲህ ስለ ጠቃሚውና ስለ ተጠቃሚው ከሆነ፥ የኤሩቪንን ክፍል ይስሙ። ራቢ ፔሬዳ አንድ ተማሪ ነበራቸው፤ ነገሩን አራት መቶ ጊዜ ካልነገሩት አይገባውም። ከዕለታት አንድ ቀን ለአንድ በጎ ሥራ ይፈለጋሉ ተብለው ሳሉ እንደ ልማዳቸው አራት መቶ ጊዜ ቢነግሩት አልገባው አለ። ዛሬ ምን ሆንህ ቢሉት፥ መምህሩ ሊሄዱ ነው ከተባለ ጀምሮ ልቡ እንደ ተበተነ፥ በየጊዜውም አሁን ይነሣሉ፥ አሁን ይነሣሉ እያለ ሲያስብ እንደ ነበር ነገራቸው። ልብህን መልስ ብለው ሌላ አራት መቶ ጊዜ ነገሩት። ከሰማይም ድምፅ መጥቶ፥ አራት መቶ ዓመት ዕድሜ ወይስ ለአንተና ለትውልድህ የሚመጣው ዓለም ብሎ አስመረጣቸው።

አባት፦ ሁለቱንም አገኙ፥ ሰምቼዋለሁ። ተማሪው ምን አገኘ?

መምህር፦ ያ አልተጻፈም። የተጻፈው ቃሉ ነው፤ ለእኔ ከሰማዩ ድምፅ ይልቅ እርሱ ይበልጣል። ያን ዕለት የከለከለው የአእምሮው መዘግየት አልነበረም፥ መምህሩ ይነሣሉ የሚል ሥጋት ነው እንጂ። እኛ ከእነዚህ ልጆች ድንቁርና ብለን የምንቈጥረው ስንቱ ነገር ይህ ሥጋት እንደሆነ ማን ያውቃል?

አባት፦ አሁን ነገሬን አንተው ጨረስህልኝ። በዚህ ሀገር የ1988ቱ የልዩ ትምህርት ሕግ ልጁን የሚይዘው እስከ ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ልጄ ሃያ ነው። የእናንተም ዓመት ተጀምሮ ያልቃል። ዓመቱን ሙሉ ወንድሞች ታገኙለታላችሁ፥ ማለዳ የሚቀሰቅሰው፥ ማታ የሚዘፍንለት፥ ማንኪያ የሚሟገተው፤ ከዚያ ዕቃውን በሻንጣ ከትታችሁ ትመልሱልኛላችሁ፥ እርሱም በመስኮት በኩል አውቶቡስ ሲጠብቅ ይከርማል። እስከ ዛሬ የማያውቀውን ነገር አልናፈቀም። ከዚያ በኋላ ግን ያውቃል። ተማሪህ አንድ ቀን የፈራውን የእኔ ልጅ ዓመት ሙሉ ይፈራዋል፥ በስተመጨረሻውም የፈራው ይደርስበታል።

መምህር፦ ፔሬዳ ግን አልተነሡም።

አባት፦ ፔሬዳ ሰው ነበሩ። እናንተ መርሐ ግብር ናችሁ።

መምህር፦ … ልክ ነው። መርሐ ግብሩ ይነሣል። በጀት አለው፥ መዝጊያ ቀን አለው፤ ያ ሐቭሩታው እንኳ በክረምት ወደ ሠራዊቱ ይገባል። በመርሐ ግብሩ ስም የምሰጥዎት ተስፋ የለኝም።

አባት፦ በማን ስም ነው እንግዲህ?

መምህር፦ በእኔ። ዓመቱ ካለቀ በኋላ፥ ሐሙስ ሐሙስ ማታ፥ መጽሐፉን ይዤ እቤታችሁ እመጣለሁ።

አባት፦ ስንት ሐሙስ?

መምህር፦ ያንን ልማልልዎ አልችልም፤ ልጆች አሉኝ፥ እኔም ሰው ነኝ።

አባት፦ ቢያንስ አልዋሸህም። ሐሙስ ማታ ደግሞ እናቱ ለሰንበት ዳቦ የምታቦካበት ጊዜ ነው፥ የልጅ ልጆቹም ይመጣሉ፥ ቤቱ ጸጥታ የለውም። እሺ ማለቴ እንዳይመስልህ።

መምህር፦ የሺቫም ጸጥታ የለውም፥ ጋሼ።